ለአንድ ፊት ስንት ደቂቃ ፀሐይ ይበቃል

ሰው ሥራ አጥቶ ፀሐይ ሲለካ ይውላል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይውላል። እኔ ውያለሁ፤ ያውም አንድ ቀን ሁለት ቀን አይደለም፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ደባርቅ መሐል መንገድ ዳር፣ ሰው እያየኝ። አላፊ አግዳሚው መጀመሪያ ሰላም ይለኝ ነበር። ቀጥሎ ከንፈር ይመጥልኝ ጀመር። በኋላማ መንገዱን ተሻግሮ በማዶ በኩል ማለፍ ያዘ። አልፈርድበትም። ፎቶ ቤቷን ዘግታ፣ መስታወት የተገጠመለት ጣውላ በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ አጠገቡ ቆማ ሰማይ ሰማይ የምታይ ሴት ብትገጥመኝ እኔም እሻገራለሁ።

ፎቶ ቤቱን የወረስኩት ከአባቴ ነው። የወረስኩት ቤቱን እንጂ እውቀቱን አይደለም፤ ይህን ከአሁኑ እወቁልኝ። የኔ ሥራ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ለመታወቂያ፣ ለተማሪ ቅጽ፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሙሽራ። ዲጂታል የሚባለው ነገር ገና ወደኛ ስላልወጣ ፊልሙን በሚኒባስ ጎንደር ልኬ አሳጥባለሁ። እኔ የምለው «ቀና በሉ፣ ዓይንዎን አይጨፍኑ» ብቻ ነው፤ ሌላው የጎንደሮች ጣጣ ነው። አባቴ ጥቁርና ነጭ የሚያጥብባት ጨለማ ክፍል ከጓዳ አለች። ድንች አስቀምጥባት ነበር። ለድንች እንደሷ ያለ ክፍል የለም።

መዘዙን ያመጣችብኝ አንዲት ፈረንጅ ናት። ሌሎቹ ፈረንጆች ተራራ ሊያዩ ይመጣሉ፣ አይተው ይመለሳሉ። ይህችኛዋ ግን የዶሮ ቆጥ የሚያህል የእንጨት ካሜራ በበቅሎ ጭና ነው የመጣች። ጨለማ ክፍል አለሽ ወይ አለችኝ፤ ድንቹን አወጣሁላት። ከደባርቅ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ደብር ሄዳ የመሪጌታ ላእከን ባለቤት፣ ወይዘሮ ይርገዱን፣ አነሳቻቸው። ኔጌቲቩ እንደኛ ፊልም የጣት ጥፍር አያክልም፤ የዳዊት መጽሐፍ ገጽ ያክላል። ወደ ወረቀት የሚዞረውም በመብራት አይደለም፣ በፀሐይ ነው። ፕላቲነም ያለበት መድኃኒት ወረቀቱ ላይ በብሩሽ ትቀቢያለሽ፣ ይደርቃል፣ ኔጌቲቩን ከላዩ ታነጥፊያለሽ፣ በመስታወቱ ጣውላ ጠርቅመሽ እንደ በርበሬ ታሰጭዋለሽ፤ ከዚያ ጨለማ ውስጥ ሌላ መድኃኒት ስትደፊበት ምስሉ ይወጣል። ፕላቲነም ከወርቅ ይበልጣል አለችኝ፤ የልጅ ልጅ እስኪያረጅ አይደበዝዝም።

እንዳለችው ሠርታ ሳታሳየኝ፣ ተራራ ልታነሳ ወጥታ አምባራስ ላይ ከፍታው መታት። ራሷን ይዛ፣ በቅሎ ላይ ተደፍታ ወረደች። ከደባርቅ ስትሳፈር አንድ ሳጥን እጄ ላይ ጣለች፤ መድኃኒት በብልቃጥ፣ ብሩሽ፣ የመስታወቱ ጣውላ፣ ስምንት ወረቀት፣ ኔጌቲቩ፣ እና በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ። «ለሴትዮዋ አትሚላት» አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል። ሳጥኑን ከድንቹ ሥር አስገብቼ ረሳሁት።

በዓመቱ፣ ኅዳር ላይ፣ መሪጌታ ላእከ መጡ። ያገሩ ሰው ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው፤ ከደብሩ ቅኔ የማያስተምሩበት ቀን የለም፣ ደባርቅም ብዙ አይወርዱም። አግዳሚው ላይ ተቀመጡና መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ልጄዋ፣ ይርገዱ ሐምሌ ላይ አረፈች» አሉኝ።

ነፍስ ይማር አልኩ። አላወቅሁም ነበር፣ ደነገጥኩ።

«ልጆቹ ፎቶዋን ይሉኛል። እኔም...» አሉና መቋሚያውን ዳሰሱት። «እኔም መልኳ እየሸሸኝ ነው። ድምጿ አለ። አካሄዷም አለ። ፊቷን ስጠራው ግን አይመጣም። በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ነው የተነሳች፤ እሱም አንቺ ዘንድ ነው አሉኝ።»

ከድንቹ ሥር ነው ማለት አልቻልኩም። እፍረቱ ከአንገቴ ጀምሮ ወጣብኝ። «የኔታ፣ ነገ ይደርሳል» አልኳቸው። እኔ ለማንም ሰው ነገ ይደርሳል እላለሁ፤ የፎቶ ቤት ነገ ምን እንደሆነች ሰው ሁሉ ያውቃል፣ የኔታ ግን የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፣ አመኑኝ።

ሳጥኑን አራግፌ መመሪያውን አነበብኩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ ቅቡን፣ ማድረቁን፣ ማጠቡን ሁሉ ገባው። ደቂቃው ጋ ስደርስ ግን እንዲህ ይላል፤ የኔ ፀሐይ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ትፈልጋለች፣ ያንቺን ፀሐይ ራስሽ ሞክረሽ እወቂ። ሳቅሁ። የኔ ፀሐይ፣ ያንቺ ፀሐይ፤ ፀሐይ እንደ ላም በየበረቱ ታስራ የምታድር ይመስል። ፀሐይ አንዲት ናት ብዬ ሃያ አምስት ደቂቃውን ያዝኩ።

ሰዓት የለኝም፤ ጎረቤቴን ሰይድን ጠራሁት። ሰይድ ከጎኔ ጨርቅ ይሸጣል፣ ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት አለው፣ ከዚያች ሰዓት በቀር ሌላ ትዕቢት የለበትም። ሃያ አምስቱን ደቂቃ ሲቆጥር ዓይኑን አልነቀለም። ደባርቅን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል፣ ፀሐዩ ደግሞ በዚያው ሰዓት አፍንጫ ይልጣል። እሱን አላሰብኩትም። ወረቀቱን ወደ ጨለማው ክፍል አስገብቼ መድኃኒቱን ስደፋበት ከዳር እስከ ዳር ጥላሸት ሆነ።

ሰይድ አንገቱን አስግጎ አየው። «ፈረንጇ ሴትዮዋን ያነሳቻቸው መብራት ጠፍቶ ነው?» አለኝ።

ስለ ሁለተኛው ወረቀት ብዙ አታናግሩኝ። ደቂቃውን ቀንሼ አሰጣሁት፤ መሐል ላይ «አሁን ምን ላይ ደርሶ ይሆን» የሚል ነገር ነዘነዘኝና ጣውላውን እዚያው ፀሐይ ላይ ከፍቼ አየሁት። ያየሁትን እኔም አላውቅም፣ ወረቀቱ ግን አመድ ለበሰ። እናቴ «አንቺ የከፈትሽው ድስት አይበስልም» ትለኝ ነበር፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ እኛ ቤት ግን ወረቀቱ ምንም አልያዘም፣ ሞኟ ብቻ ናት ያልለቀቀች።

በማግስቱ የኔታ ተማሪዎቻቸውን ለአንድ ደቀ መዝሙር ትተው በጠዋት ከች አሉ። ነገ ብዬ የለ። እውነቱን ነገርኳቸው። ልክ ደቂቃውን ለማወቅ ሙከራ ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን በካርቶን ሸፍኜ፣ በየደቂቃው ካርቶኑን ፈቀቅ እያደረግሁ፣ አንዱ ጎን ጥቂት አንዱ ጎን ብዙ ፀሐይ እንዲጠጣ አደርጋለሁ፣ ከዚያ የቱ እንዳማረ አያለሁ አልኳቸው።

«ካርቶኑ በየት በኩል ነው የሚሄድ?» አሉኝ።

«በፊታቸው በኩል ነዋ የኔታ።»

«ያረፈች ሴት ፊት ላይ ልትሞክሪ? ግንባሯን ካገጯ ለያይተሽ፣ አንዱን አጥቁረሽ አንዱን አንጥተሽ? አይሆንም ልጄ። ሙከራውን ነጠላዋ ላይ አድርጊው።»

ሰይድም ከደጅ ሆኖ ደገፋቸው። «የኔታ ልክ ናቸው። እኛም ጨርቅ ቀለም ይለቅ እንደሁ የምናየው ጫፉን አርሰን ነው። መሐሉን የሚሞክር ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

አላየሁም። ምክሩ ከሃይማኖትም ከንግድም በኩል የተመሰከረለት ስለሆነ ተስማማሁ። ያን ያህል ሦስት ሰው ባንድ ልብ ሆኖ ሲሳሳት በሕይወቴ አላጋጠመኝም። ሦስተኛዋን ወረቀት በነጠላው ጫፍ ላይ በየደቂቃው ሞከርናት፤ ቀትር ላይ ነበር። አሥራ ሁለት ደቂቃ ያገኘው ቦታ ፈትሉ አንድ በአንድ ይታያል። ሰይድ ዳሰሰው። እጁ ላይ የሚቀርለት መስሎት ይመስለኛል።

በዚሁ ደስታ አራተኛዋን ሙሉውን አሥራ ሁለት ደቂቃ ሰጠኋት። የዚህ ሥራ ጠባዩ ክፉ ነው፤ እንደ አባቴ ፎቶ ቀስ እያለ እየመጣ ሰው አያዘጋጅም፣ መድኃኒቱ ሲነካው ያለ የሌለውን ባንዴ ያወጣዋል። ነጠላው ወጣ። እንዴት ያለ ነጠላ፤ ጥለቱ፣ ዘርፉ፣ ትከሻ ላይ የታጠፈባት መስመር ሳትቀር። ከነጠላው በላይ ግን አንድ ጥቁር ክብ አለ። ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው።

የኔታ ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። አራቁት። እንደገና አስጠጉት።

«ነጠላዋ ናት» አሉ። «እኔ ነኝ የገዛሁላት፣ ከዳባት ገበያ።» ጥቁሩን ክብ በጣታቸው ነኩና፣ «እሷስ?» አሉኝ።

ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ በኋላ ደግሞ ኔጌቲቩን አንስቼ በመስኮቱ ብርሃን አተኩሬ አየሁት። ኔጌቲቭ ላይ ሁሉ ነገር ግልባጭ ነው። ነጩ ነጠላ እዚያ ላይ ድፍን ጥቁር ስለሆነ ፀሐይ በግድ ነው የሚያሳልፈው። ጠይሙ ፊት ደግሞ ስስ ነው፣ የሰጡትን ፀሐይ ሁሉ ወደ ወረቀቱ ያንቆረቁረዋል። ለነጠላው የሚበቃው ፊቱን ያቃጥለዋል ማለት ነው። በፈረንጅ አገር ፊትና ነጠላ እኩል የሚደርሱ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ሰውና ልብሱ ለየብቻ ነው የሚበስለው።

ይህ ሲገባኝ ከለቅሶዬ ሌላ ነገር ተነሳብኝ። ኃጢአቴን ልንገራችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ወይዘሮ ይርገዱ ብቻ ሳይሆን ስለ ደቂቃዋ ራሷ ማሰብ ጀመርኩ። ስበላ ደቂቃ፣ ገበያ ስሄድ ደቂቃ። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ተማሪ ሁሉ ፊቱ ስንት ደቂቃ እንደሚፈልግ በልቤ እገምት ነበር። አንዱን የዛሪማ ነጋዴ አፍጥጬ ሳየው «ምነው፣ የምታውቂኝ መሰለሽ?» አለኝ።

አሥራ ሁለቱን በግማሽ ቀነስኩና አምስተኛዋን ወረቀት በጠዋት፣ ገና ሦስት ሰዓት ላይ፣ ስድስት ደቂቃ አሰጣኋት። ቀትርን መጠበቅ አልቻልኩማ። ፊታቸው መጣ፤ ግን ከእንፋሎት ማዶ የቆመ ሰው ነው የሚመስል፣ አለ ሲሉት የለም። ደቂቃዋን ሰደብኳት። የኔታ እኮ በዚያው ሰዓት ከተፍ አሉ፤ እሳቸው የኔን ክሽፈት የሚጠቁማቸው መልአክ ሳይኖር አይቀርም።

«ስድስት ደቂቃ ሰጥቼው ነው እንዲህ የገረጣው» አልኳቸው።

«ጥላሽ ስንት ጫማ ሆኖ ሳለ ነው?» አሉኝ።

የኔታ በጾም የቅዳሴ መግቢያውን ሰዓት የሚናገሩት በጥላቸው ነው። ሜዳ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ የራሳቸው ጥላ ያበቃበትን ያስተውላሉ፣ ከዚያ ተረከዛቸውን ከአውራ ጣታቸው እያጋጠሙ በጫማ ይቆጥሩታል። ወዲያው ከደጃፌ ወጥተው ቆጠሩ። ዘጠኝ ጫማ ሆነ።

«አየሽ ልጄ፣ ዘጠኝ ጫማ ማለት ፀሐይ ገና ከጎን ናት፣ ጉልበት የላትም። ቀትር ላይ አምስት ጫማ ትሆናለች፤ ያኔ ስድስት ደቂቃ ሌላ ስድስት ደቂቃ ነው። ደቂቃ የሰይድ ሰዓት ነው። ፀሐይን የምትጠይቂ ከሆነ በጥላ ነው የምትናገር።»

ሰይድ ሰዓቱ ስለተነካች ቅር አለው። እኔም ልለካ ብሎ ቆመ፤ ረጅም ነው፣ እግሩ ግን ትንሽ ነው፣ የሱ ጥላ አሥራ አንድ ጫማ ወጣ። እኔ ስለካ ስምንት ተኩል። ለካ ጥላም እንደ ሰው ነው፣ ይዋሻል። በመጨረሻ በዚህ ፎቶ ቤት ሕጋዊው ጥላ የየኔታ ጥላ ብቻ ነው ተባለ። ቀኑን ሙሉ በየሰዓቱ እያቆምናቸው ግድግዳው ላይ በከሰል ጻፍኩ፤ ጠዋት ዘጠኝ ጫማ፣ ትንሽ ቆይቶ ሰባት፣ ስድስት ሰዓት ግድም አምስት፣ አምስት ጫማ ላይ ደግሞ ደህና አድርጋ ቆይታ መልሳ ትረዝማለች። እንደዚያ ቀን ቆሜ የዋልኩበት የለም፣ እንደዚያ ቀንም ደስ ብሎኝ የዋልኩበት የለም።

በማግስቱ ስድስተኛዋን በአምስት ጫማ አወጣኋት። ስድስት ደቂቃ ልሰጣት ነው። ሰይድ ይቆጥራል፣ የኔታ ጥላቸውን ይጠብቃሉ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ የኔታ «ጥላዬ የለም» አሉ። ቀና ስል ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ከተማው ላይ ተኝቷል።

«አራት» አለ ሰይድ።

«ሰይድ፣ ፀሐይ የለችም እኮ።»

«ሰዓቴ ግን እየሠራች ነው» አለና አምስትም ስድስትም ቆጠረ።

እሷም ገርጥታ ወጣች፤ ጉሙ ምን ያህሉን እንደበላው የሚያውቅ የለም። ሁለት ወረቀት ቀረን። ስምንት ሆነው ሲመጡ ብዙ መስለውኝ ነበር። የሰውየው ሚስት ፊት ዓለም ላይ ያለው እዚያ ኔጌቲቭ ላይ ብቻ ነው፣ ወደ ወረቀት ሊወጣ የሚችለው በእነዚህ ሁለት ብቻ ነው፣ እኔ ደግሞ ልክ ደቂቃውን አላውቅም። ፈራሁ። አፌን ሞልቼ ነገርኳቸው።

«የኔታ፣ ፊታቸው ላይ ካልሞከርኩ አይሆንም። አንዷን ወረቀት ለሙከራ ካልፈቀዱልኝ ሁለቱም በግምት ነው የሚሄዱ። እኔ ከእንግዲህ በግምት እጄን አላነሳም።»

የኔታ «እስቲ ፊቷን አሳይኝ፣ እዚህ ላይ ስንት ያህላል?» አሉ። ኔጌቲቩን አሳየኋቸው። ፈረንጇ ራቅ ብላ ስላነሳቻቸው ፊታቸው ከክብሪት ቤት አይበልጥም።

«ወረቀቱስ?»

«እሱ የዳዊት ገጽ ያክላል።»

«እንግዲያ የምትቆርጭው ወረቀቱን ነው እንጂ ፊቷን ለምን ትቆርጫለሽ? ወረቀቱን አምስት ክብሪት ቤት አድርጊው። ለያንዳንዱ ሙሉ ፊቷን ስጪው። ደቂቃው ይለያይ፣ እሷ አትከፈል።»

ከፎቶ ቤት ተወልጄ፣ ካሜራ ሥር አድጌ፣ ይህን የሚነግረኝ ቅኔ መምህር ነው። ሰይድ እንኳ ሰዓቱን ማየት ረስቶ ነበር።

ወረቀቷን አምስት ቦታ ቆረጥኳት። በማግስቱ ቀትር ላይ፣ የኔታ አምስት ጫማ ካሉ በኋላ፣ ቁራጮቹን ተራ በተራ ፊታቸው ሥር እያደረግሁ አሰጣኋቸው፤ ለአንዷ ሦስት ደቂቃ፣ ለቀጣይዋ አራት፣ እንዲህ እያልኩ እስከ ሰባት። ሰማዩ እንደ ውለታ አንዲት ጉም አላሳየንም። አጥቤ አድርቄ መስታወት ላይ ስደረድራቸው ሦስታችንም አጎነበስን። አምስት ወይዘሮ ይርገዱ አሉ። የመጀመሪያዋ የነጣች፣ የኋለኛዋ የጠቆረች፣ መካከሉ ላይ ደረጃ በደረጃ። ስድስት ደቂቃ ያገኘችው ጋ ስደርስ ነገሩ ገባኝ፤ አንገታቸው ላይ ያለው ንቅሳት ይታያል፣ አንዱ ቅንድባቸው ከፍ ማለቱ ይታያል። «ይኸው፣ ልኩ ይኸ ነው» አልኩ። የኔታ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እያዩ እንዳጎነበሱ ቆዩ።

የመጨረሻዋን ወረቀት በበነጋው አሰጣኋት። ግድግዳው ላይ ከሰሉ አምስት ጫማ ባለበት ሰዓት፣ ስድስት ደቂቃ፣ ጥርት ያለ ሰማይ። ሰይድ በሹክሹክታ ነበር የሚቆጥር፣ ይክዳል እንጂ። መድኃኒቱን ብልቃጡን በሁለት እጄ ይዤ ደፋሁት። ባንዴ ወጡ። ነጠላው ነጭ ብቻ ሆኗል፣ ጥለቱ ጠፍቷል፣ ይጥፋ። ፊታቸው ግን ሙሉ ነው፤ ካሜራዋን «አንቺ ደግሞ ምን ትፈልጊያለሽ» በሚል ዓይን እያዩ፣ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ ይዘው። በሕይወት አግኝቻቸው አላውቅም፤ ያን ቀን ናፈቁኝ።

የኔታ ሲመጡ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልዬ፣ እንደ ሙሽራ ቤተሰብ ኮርቼ ሰጠኋቸው። ፈትተው አዩ።

«እሷ ናት» አሉ። ምርቃቱን አዘነቡልኝ፣ ሰይድንም አልረሱት። ከዚያ መልሰው ጠቀለሉትና እጄ ላይ አኖሩት። «ይህን ጎንደር ለልጆቹ ላኪልኝ» ብለው ወደ መስታወቱ ሄዱ፤ የክብሪት ቤት ቁራጮቹን አንድ በአንድ ማንሳት ጀመሩ።

ቅር አለኝ፣ አልደብቃችሁም። ሁለት ሳምንት የደከምኩት ለዚያች ለአንዷ ነው። «የኔታ፣ እነዚያ እኮ ሙከራ ናቸው። ከአንዷ በቀር ሁሉም ስሕተት ናቸው» አልኳቸው።

የነጣችውን መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ። «ይህች ከወባ የተነሳች ሰሞን ናት። ይህችኛዋ አጨዳ ውላ ስትገባ። ይህች ጥቁሯ ደግሞ ተቆጥታ ሦስት ቀን ያላናገረችኝ ጊዜ፤ በደሉ የኔ ነበር።» አምስቱንም ደርበው በመሐረባቸው ቋጠሩና ከጋቢያቸው ሥር አስገቧቸው።

«ልጆቹ አንዲት እናት ነው የነበረቻቸው፣ ያች ትበቃቸዋለች» አሉኝ። «እኔ ግን ከአምስቱም ጋር ነው የኖርኩት።»